ከክብር ባነሰ ደረጃ የሚሰናበት የአሜሪካ ወታደር በሕግ የተጠበቁለት መብቶች

በዲቪ ዕድል ወይም በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች መካከል የሀገሪቱን ጦር ሠራዊት የሚቀላቀሉ አሉ። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ በተለምዶ ግሪን ካርድ የሚባለውን ሰነድ የያዘ ሰው የአሜሪካ ዜጋ ባይኾንም በተራ ወታደርነት መመዝገብ ይችላል፤ ዜግነት ግድ የሚኾነው ለመኮንንነት ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ ያለው ቤተሰብ በሠራዊቱ ልብስ የተነሳውን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ለጎረቤት እያሳየ በኩራት ይኖራል።

አልፎ አልፎ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ስልክ "ከሠራዊቱ ሊያሰናብቱኝ ነው" የሚል ወሬ ይዞ ይመጣል። ወላጅ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ይታወቃል፤ "ልጄ፣ ከመንግሥት ጋር አትካሰስ፣ ያሉህን ፈርመህ በሰላም ውጣ" ይላል። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ ብዙ ሰው ከፍተኛ ጉዳት የሚደርስበት በዚሁ በችኮላ በሚያኖረው ፊርማ ምክንያት ነው። ሕጉ ለሚሰናበት ወታደር የሰጠው ጥበቃ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ጥበቃው የሚሠራው በወቅቱ ለጠየቀው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ የጥበቃውን ምንነትና ጊዜውን ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ ሀገር አንድ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠየቃል። በአሜሪካ ሠራዊት ይህን ቦታ የሚይዘው "ዲዲ 214" የተባለው ቅጽ ነው። ቅጹ ወታደሩ የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ የተሸለመውን ኒሻን፣ የተሰማራበትን ግዳጅና የተሰናበተበትን ምክንያት ይዘረዝራል። ከእነዚህ ሁሉ መሐል ግን የሰውየውን ቀሪ ሕይወት የሚወስነው የአገልግሎቱን ጠባይ የሚገልጸው አንድ ሐረግ ነው። ቀጣሪው፣ ኮሌጁ፣ ሆስፒታሉና የቤት ብድር ሰጪው ባንክ መጀመሪያ የሚያዩት እርሱን ነው።

የስንብት ደረጃዎች

የስንብት ደረጃዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አስተዳደራዊ ስንብቶች ናቸው፤ የሚሰጡት በአዛዥ ውሳኔ እንጂ በፍርድ አይደለም። ከእነዚህ ከፍተኛው የክብር ስንብት ነው። ቀጥሎ "በክብር ሁኔታ የተሰጠ ጠቅላላ ስንብት" የሚባለው አለ፤ አገልግሎቱ በጥቅሉ መልካም ኾኖ ሳለ ጉልህ ጉድለት የታየበት ወታደር ይህን ይቀበላል። ሦስተኛው "ከክብር ሁኔታ ውጪ የተሰጠ ስንብት" ሲኾን ወታደሮቹ በምሕጻር "ኦቲኤች" ይሉታል። በሠራዊቱ ገና በጥቂት ወራት ውስጥ የሚለቅ ጀማሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ደረጃ ሳይጻፍለት ይሰናበታል።

ሁለተኞቹ የቅጣት ስንብቶች ናቸው። እነዚህን ሊወስን የሚችለው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። "የመጥፎ ጠባይ ስንብት" እና ከሁሉም የከፋው "የውርደት ስንብት" በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የውርደት ስንብትን ሊፈርድ የሚችለው ከፍተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ብቻ ሲኾን የተፈረደበት ሰው በፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ መያዝ እንኳን ይከለከላል። ለመኮንኖች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የራሱ ቅጣት አለ፤ አስተዳደራዊ ስንብታቸውም በተለየ ሥርዓት የሚታይ በመኾኑ እዚህ አንገባበትም።

ለአብዛኛው ወታደር አሳሳቢው ሦስተኛው፣ ኦቲኤች ነው። ይህ ስንብት እንግዳ ቦታ ይዟል። ውጤቱ ወደ ቅጣት የቀረበ ኾኖ ሳለ አሰጣጡ ግን አስተዳደራዊ ነው፤ ዳኛ አይቀመጥበትም፣ ጥፋተኛ ነህ የሚል ፍርድም አይነበብበትም። የጂአይ ቢል የትምህርት ድጋፍ ለዚህ ሰው ዝግ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፤ የትምህርት ድጋፉ ሙሉ የክብር ስንብትን ስለሚጠይቅ ጠቅላላ ስንብት የተሰጠውም ሰው አያገኘውም። ስለዚህ "ጠቅላላ ስንብት እኮ ከክብር አይለይም" እያለ የሚያጽናና ሰው ካለ ወጣቱ ለዩኒቨርሲቲ ያቀደውን ገንዘብ ረስቶታል ማለት ነው።

የሰማያዊው ወረቀት ታሪክ

ዛሬ ያለው ጥበቃ በአንድ ቀን የተሰጠ አይደለም። ከ1916 እስከ 1947 የአሜሪካ ምድር ጦር "ሰማያዊ ስንብት" የተባለ፣ ስሙን ከተጻፈበት ወረቀት ቀለም የወሰደ ደብዳቤ ይሰጥ ነበር። የክብርም የውርደትም አልነበረም። አዛዦች ፍርድ ቤት ማቅረብ ሳያስፈልጋቸው ያልፈለጉትን ሰው የሚያስወጡበት አቋራጭ ኾነ። ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሰኔ 1945 ባለው የጦርነት ጊዜ 48,603 ሰማያዊ ስንብቶች ተሰጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 10,806ቱ የተሰጡት ለጥቁር ወታደሮች ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። በሠራዊቱ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ግን ከአሥር አንድ እንኳን አይሞላም ነበር። በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተጠረጠሩ ወታደሮችም በዚሁ ወረቀት በብዛት ተባርረዋል። ሰማያዊውን ወረቀት የያዘ ሰው ከጦር ሜዳ ተመልሶ ሥራ ሲጠይቅ ቀጣሪው ወረቀቱን ባየ ጊዜ በሩን ይዘጋበት ነበር።

ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ በ1945 በዚህ አሠራር ላይ ዘመቻ ከፈተ። የኮንግረሱ የምክር ቤት አባላት ኮሚቴም በ1946 አሠራሩን የሚነቅፍ ሪፖርት አወጣ። በ1947 ሰማያዊው ወረቀት ቀርቶ በምትኩ ሁለት ደረጃዎች መጡ፤ አንደኛው ጠቅላላ ስንብት፣ ሌላኛው "የማይፈለግ ሰው" ስንብት ተባሉ። ይህ ሁለተኛው በ1970ዎቹ ስሙ ተለውጦ ዛሬ ኦቲኤች የምንለው ኾነ።

ሌላው ትልቅ እርምጃ የመጣው ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በ1950ዎቹ፣ ኮሚኒስት ናቸው የተባሉ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ይታደኑ በነበረበት ዘመን፣ ለግዳጅ የተመለመሉ ሁለት ወታደሮች በሠራዊቱ ውስጥ ምንም ጥፋት ሳይኖርባቸው ከመመልመላቸው በፊት በነበራቸው የፖለቲካ ግንኙነት ምክንያት ከክብር ያነሰ ስንብት ተሰጣቸው። "ሃርመን በብሩከር ላይ" ተብሎ በሚጠራው የ1958 ውሳኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጦር ሠራዊት ሚኒስትሩ ከሥልጣኑ አልፏል አለ። የስንብት ደረጃ የሚወሰነው ወታደሩ በሠራዊቱ ውስጥ በሠራው ሥራ ብቻ መኾን አለበት ማለት ነው። ይህ መርሕ አሁንም ጸንቶ አለ። ከመቀጠሩ በፊት ያደረገው ነገር፣ እንዲሁም ቀደም ሲል በተጠናቀቀ የአገልግሎት ውል ዘመን የሠራው ጥፋት፣ የአሁኑን አገልግሎት ደረጃ ለማውረድ ሊያገለግል አይገባም።

ማስታወቂያው ሲደርስ

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር መመሪያ ወታደር እንዲሁ በቃል ተነግሮት እንዲባረር አይፈቅድም። በአንዳንድ ምክንያቶች፣ ለምሳሌ በሥራ ድክመት ወይም ተደጋጋሚ በኾኑ ጥቃቅን የሥነ ሥርዓት ጥፋቶች፣ ስንብት ከመጀመሩ በፊት ወታደሩ ጉድለቱ በጽሑፍ ተነግሮት ለማረም ዕድል ማግኘት ነበረበት። ይህ ካልተደረገ የስንብቱ መሠረት ይናጋል። ስለዚህ ጠበቆች መጀመሪያ የሚመረምሩት የምክር ወረቀቶቹን ቀንና ይዘት ነው።

ከዚያ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሰጣል። ማስታወቂያው የስንብቱን ምክንያት፣ የተመሠረተበትን ፍሬ ነገርና ሊሰጥ የሚችለውን ዝቅተኛ ደረጃ በግልጽ መናገር አለበት። ወታደሩ ማስረጃ ኾነው የቀረቡትን ሰነዶች ቅጂ ማግኘት፣ ጠበቃ ማማከርና የራሱን ቃል በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ ከሁለት የሥራ ቀናት ማነስ የለበትም፤ የየጦሩ ክፍል ደንብ ከዚህ የረዘመ ሊፈቅድ ይችላል፣ በቂ ምክንያት ካለም እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላል። ቀነ ገደቡ ያለ መልስ ካለፈ ግን ዝምታው መብትን እንደ መተው ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ጉዳይ ጠበቃው ነው። ሠራዊቱ ለወታደሩ በነጻ የሚመድበው ተከላካይ ጠበቃ መኮንን ቢኾንም ለወታደሩ አዛዥ ተጠሪ አይደለም። ተከላካይ ጠበቆች በራሳቸው የዕዝ ሰንሰለት የሚመሩ ሲኾን ደንበኛው የነገራቸውንም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ከሀገራችን የሚሄዱ ወጣቶች "የመንግሥት ጠበቃ ለመንግሥት ነው የሚያደላው" በሚል ሥጋት ይህን ዕድል ሲያልፉት ከባድ ነገር ያጣሉ። በራሱ ወጪ የውጭ ጠበቃ ማቆም የሚፈልግም ይፈቀድለታል።

ቀጣዩ ትልቅ መብት ቦርድ ፊት የመቅረብ ነው። ይህ መብት በሁለት መንገድ ይገኛል፤ አንድም ወታደሩ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ከኾነ፣ ሁለትም አዛዡ ኦቲኤች ለመስጠት ካሰበ። እንግዲህ ገና የሁለት ዓመት አገልግሎት ያለው ተራ ወታደር እንኳን ኦቲኤች ሊሰጠው ከታሰበ ቦርድ ይሰበሰብልኝ ማለት ይችላል። አዛዡ በጠቅላላ ስንብት ከረካ ግን ከስድስት ዓመት በታች ያገለገለው ሰው ቦርድ አያገኝም፤ በጽሑፍ ብቻ ይከራከራል።

ቦርዱ ቢያንስ ሦስት አባላት አሉት። አብዛኞቹ መኮንኖች ሲኾኑ ቢያንስ አንዱ ሻለቃ ወይም ከዚያ በላይ መኾን አለበት። ወታደሩ አባላቱን በበቂ ምክንያት መቃወም፣ ምስክር ማቅረብ፣ የመንግሥቱን ምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ፣ ራሱም መናገር ወይም ዝም ማለት ይችላል። ጉዳቱ ግን አለ። በመደበኛ ፍርድ ቤት ተቀባይነት የማይኖረው የሰሚ ሰሚ ቃል እዚህ ሊቀርብ ይችላል። የማስረጃው ልክም "ያለ ጥርጣሬ" የሚባለው አይደለም፤ ሚዛኑ በትንሹም ቢኾን ወደ ጥፋተኝነት ካዘነበለ ይበቃል። የሰውን ስም ዕድሜ ልክ ለሚከተል ነገር ይህ ዝቅ ያለ መለኪያ ነው፤ ሥርዓቱ ከሚነቀፍባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ኾኖም ቦርዱ ትልቅ ጥቅም አለው። ቦርዱ ሦስት ነገር ይወስናል፤ ጥፋቱ ተፈጽሟል ወይ፣ ከተፈጸመስ ወታደሩ ይሰናበት ወይስ ይቆይ፣ ከተሰናበተስ በምን ደረጃ። ስንብቱን የማጽደቅ ሥልጣን ያለው አዛዥ ከቦርዱ የተሻለ ደረጃ ሊሰጥ ይችላል፤ የባሰ ግን ሊሰጥ አይችልም። ቦርዱ ጠቅላላ ስንብት ካለ አዛዡ ወደ ኦቲኤች ማውረድ ተከልክሏል። ጥፋቱን ያመነ ወታደር እንኳን ቦርድ ቢቀርብ የሚያተርፈው ለዚህ ነው፤ የአለቆቹንና የባልደረቦቹን ምስክርነት አሰምቶ ደረጃውን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

አደገኛዎቹ ፊርማዎች

ወታደሩ ፊት ከሚቀርቡት ወረቀቶች መካከል ሁለቱ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ቦርድ የመቅረብ መብትን የሚያስተወው ነው። ይህ መብት በቅድመ ሁኔታም ሊተው ይችላል፤ ወታደሩ "ጠቅላላ ስንብት ከተሰጠኝ ቦርዱን እተዋለሁ" ብሎ ሊያቀርብ ይችላል። አዛዡ ካልተቀበለው ቦርዱ ይቀጥላል። ይህ ሕጋዊ ድርድር ነው፣ ነውርም የለበትም። ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መተው ግን ኦቲኤችን እጅን ዘርግቶ መቀበል ነው።

ሁለተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከመቅረብ ይልቅ ልሰናበት የሚል ማመልከቻ ነው። ክስ የተመሠረተበት ወታደር ይህን ሲያቀርብ ክሱ ይቆምና ይሰናበታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ግን ኦቲኤች ነው። እስር ለፈራ ሰው በር የሚከፍት መስሎ ይታያል። አንዳንዴ በእርግጥም የተሻለው መንገድ ይኾናል፤ ማስረጃው ከባድ ከኾነና የወንጀል ፍርድ ከሚያስከትለው ጉዳት አንጻር ሲታይ ጠበቃም ሊመክረው ይችላል። ማስረጃው ደካማ በኾነበት ጉዳይ ግን ነጻ ሊወጣ የሚችል ሰው በገዛ ፊርማው ዕድሉን ይዘጋል።

በጦር ሰፈሮች ሲነገር የኖረ አንድ የሐሰት ወሬ ደግሞ ብዙ ሰው አስፈርሟል። "ግድ የለም ፈርም፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንብቱ በራሱ ወደ ክብር ይለወጣል" ይባላል። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ስንብት በራሱ ጊዜ የሚሻሻልበት ሥርዓት ኖሮም አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ምርመራ ነው። የወታደራዊ ሕጉ አንቀጽ 31 የተጠረጠረን ወታደር የሚጠይቅ ሁሉ የተጠረጠረበትን ጉዳይ እንዲነግረው፣ ቃል ያለመስጠት መብት እንዳለውና የሚናገረው ማስረጃ ሊኾንበት እንደሚችል እንዲያስጠነቅቀው ያዛል። ይህ ድንጋጌ የወጣው በ1950 ነው። የሲቪል ፖሊስ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያዘዘው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነበር። አለቃን ማክበር በባህላችን ትልቅ ቦታ ስላለው ልጆቻችን ሲጠየቁ ዝም ማለት ድፍረት ይመስላቸው ይኾናል፤ በዚያ ሕግ ግን ዝም ማለት እንደ ድፍረት አይታይም።

በመድኃኒት ወይም በአልኮል ሱስ የተያዘና ሳይደረስበት በፈቃዱ ለሕክምና የቀረበ ወታደርም የተለየ ጥበቃ አለው። ለሕክምናው ሲል የተናገረው ቃል የስንብት ደረጃውን ለማውረድ አይውልም።

የጦርነት ቁስልና የብሶት አቤቱታ

ከውጊያ የተመለሰ ወታደር እንቅልፍ ያጣል፣ ይቆጣል፣ ይጠጣል፣ ከሥራ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ በአለቃ መዝገብ ላይ ጥፋት ተብለው ይሰፍራሉ፤ በሐኪም ዓይን ግን የበሽታ ምልክት ሊኾኑ ይችላሉ። ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ሕመም፣ በምሕጻሩ ፒቲኤስዲ፣ እንዲሁም በፍንዳታ የሚመጣ የአንጎል ጉዳት በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች ጊዜ ብዙዎችን ለስንብት ዳርጓል። ስለዚህ ኮንግረሱ አንድ አንቀጽ አወጣ። ባለፉት 24 ወራት በባሕር ማዶ ለውጊያ ዘመቻ ተሰማርቶ የነበረ ወይም ጾታዊ ጥቃት የደረሰበት ወታደር ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ እንዳለበት ከተረጋገጠ፣ ወይም በምክንያት ተደግፎ አለብኝ ካለ፣ የሕክምና ምርመራ ሳይደረግለት ከክብር ሁኔታ ውጪ በአስተዳደራዊ መንገድ ሊሰናበት አይችልም። ምርመራው ሕመሙ ለተከሰሰበት ጠባይ ምክንያት መኾን አለመኾኑን ማየት አለበት። ጥበቃው ወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚያየውን ክስ ግን አያስቆምም።

ሌላው ጥበቃ ብልሹ አሠራርን ላጋለጠ ወታደር የተሰጠው ነው። ለኮንግረስ አባል ወይም ለዋና ኢንስፔክተር አቤት ያለን ወታደር በዚህ ምክንያት መበቀል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የስንብት ሂደት መጀመርም በቀል ሊኾን ይችላል። አቤቱታው ከስንብት ማስታወቂያው ቀድሞ መቅረቡን በቀን ማሳየት የቻለ ሰው ክርክሩ ይጠነክራል።

ዜግነትን የሚነካው ጉዳይ

ለውጭ ተወላጅ ወታደር ነገሩ ከጥቅማ ጥቅም ያልፋል። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጀምሮ ያለው ጊዜ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የጦርነት ወቅት ተብሎ ስለተሰየመ በዚህ ወቅት በክብር የሚያገለግል ወታደር ሌላው ስደተኛ የሚጠብቃቸውን ዓመታት ሳይጠብቅ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። በ2009 ተጀምሮ በ2016 የቆመው "ማቭኒ" የተባለው ልዩ የምልመላ ፕሮግራም ደግሞ ግሪን ካርድ የሌላቸውን፣ ነገር ግን ሠራዊቱ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰዎች ይቀበል ነበር። አማርኛ ከቋንቋዎቹ አንዱ ስለነበር በዚህ መንገድ የገቡ ወገኖች አሉ።

ይህ ዜግነት ግን የተንጠለጠለበት ቅድመ ሁኔታ አለው። በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት በውትድርና አገልግሎቱ ዜጋ የኾነ ሰው በድምሩ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ሁኔታ ውጪ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሰረዝ ይችላል። ስረዛው በራሱ የሚፈጸም አይደለም፤ ሕጋዊ ሂደት ይጠይቃል። ጠቅላላ ስንብት "በክብር ሁኔታ" የተሰጠ ስለኾነ ይህን አደጋ አያመጣም። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ለእንዲህ ዓይነቱ ወታደር የፓስፖርት ጉዳይ ኾነ ማለት ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ወታደር በበኩሉ አስተዳደራዊ ስንብት ብቻውን ከሀገር የሚያስባርር ምክንያት ተብሎ አልተዘረዘረበትም፤ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የፈረደበት ወንጀል ካለ ግን የኢሚግሬሽን መዘዝ ሊያመጣ ስለሚችል ከተከላካይ ጠበቃው ሌላ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃም ማማከር ይኖርበታል።

ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ

የተሰናበተ ሰው በሩ አልተዘጋበትም። የመጀመሪያው በር የስንብት ገምጋሚ ቦርድ ነው፤ በ1944 በወጣው ሕግ የተቋቋመ ሲኾን ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በ15 ዓመት ውስጥ በ"ዲዲ 293" ቅጽ ማመልከት ይቻላል። ቦርዱ ስንብቱ ሕግን የተከተለ መኾኑንና ፍትሐዊነቱን ይመረምራል። በከፍተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደን ስንብት ግን አያይም። ሁለተኛው በር የወታደራዊ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ነው። ይህ ከ1946 ጀምሮ ያለ ሲኾን ሥልጣኑ ሰፊ ነው፤ ማመልከቻው "ዲዲ 149" ይባላል። ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ ቢኖርበትም ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል። እንደ ሃርመን ያሉ ጉዳዮች እንደሚያሳዩት የቦርዶቹን በር አንኳኩቶ ያልተሳካለት ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድም አለ።

የቬትናም ዘማች የነበሩት የመከላከያ ሚኒስትር ቻክ ሄግል በመስከረም 2014 ለቦርዶቹ አንድ መመሪያ ሰጡ። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው የቀድሞ ወታደሮች ማመልከቻ በሰፊ ልብ እንዲታይ የሚያዝ ነበር። በቬትናም ዘመን ፒቲኤስዲ የሚባለው በሽታ ስም እንኳን ስላልነበረው በሕክምና መዝገባቸው ላይ ሊገኝ እንደማይችል ሚኒስትሩ ያውቁ ነበር። በነሐሴ 2017 የወጣው ተጨማሪ መመሪያ ደግሞ ቦርዶች ሊጠይቋቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎችን አስቀመጠ። ጥፋቱን የሚያቃልል ሕመም ወይም ገጠመኝ ነበር ወይ? በአገልግሎት ጊዜ ነበር ወይ? በእርግጥስ ጥፋቱን ያቃልላል ወይ? ከስንብቱ ምክንያት ጋር ሲመዘን ይበልጣል ወይ? እንዲህ ያለ ማመልከቻ በገምጋሚው ቦርድ ሲታይ የአእምሮ ሕክምና ዕውቀት ያለው ባለሙያ እንዲቀመጥም ሕጉ ያዛል።

ለእዚህ ሀገር ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የእነዚህ መመሪያዎች ክፍል የማስረጃውን ዓይነት የሚመለከተው ነው። ማስረጃ የግድ ከሠራዊቱ መዝገብ መምጣት የለበትም፤ የቤተሰብ፣ የጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባና የሃይማኖት አባት ቃልም ተቀባይ ነው። ልጃቸው ከመዝመቱ በፊት በየሳምንቱ ይደውል የነበረ፣ ከተመለሰ በኋላ ግን ለወራት የጠፋ፣ በስልክ ያለ ምክንያት የሚቆጣ፣ የሚያለቅስ ከኾነ እናቱ፣ አክስቱ ወይም የንስሐ አባቱ ያዩትንና የሰሙትን መቼ እንደኾነ እየጠቀሱ ጽፈው መፈረም ይችላሉ። "ጨዋ ልጅ ነው" ከሚል አጠቃላይ ምስክርነት ይልቅ እንዲህ ያለው ዝርዝር ይመዝናል። ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል መኾኑን በፊርማው አረጋግጦ፣ የአማርኛው ዋና ቅጂም ተያይዞ ቢላክ መልካም ነው።

ደረጃው እስኪሻሻል ድረስም ኦቲኤች የያዘ ሰው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስቴርን ደጃፍ መርገጥ የለበትም ማለት አይደለም። ሚኒስቴሩ የሰውየውን አገልግሎት ራሱ መርምሮ ለሕክምናና ለጉዳት ካሣ ብቁ ነው ወይም አይደለም ብሎ ይወስናል። ብዙዎች ግን "ለእኔ አይፈቀድም" ብለው ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ከ100 ቀናት በላይ ያገለገለና በውጊያ ቀጠና የነበረ ወይም በአገልግሎት ላይ ጾታዊ ጥቃት የደረሰበት ሰው ኦቲኤች ቢኖረውም የአእምሮ ጤና ሕክምና እንዲያገኝ ሕግ ተደንግጓል። የውርደት ስንብት የተፈረደበት ሰው በዚህ አይካተትም።

ማመልከት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የራሱ ሙሉ መዝገብ ነው። የስንብት ሰነዱ የጠፋበት የቀድሞ ወታደር በሚዙሪ ግዛት ሴንት ሉዊስ ከተማ ለሚገኘው የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል "ኤስኤፍ 180" በተባለው ቅጽ ወይም በኢንተርኔት ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። "ዲዲ 214" ብቻ ሳይኾን የስንብት ሂደቱን ሙሉ ፋይልና የሕክምና መዝገቡንም ጭምር እንዲላክለት በማመልከቻው ላይ ለይቶ መጻፍ አለበት፤ ጠበቃ ሊመረምራቸው የሚፈልጋቸው የምክር ወረቀቶች፣ የማስታወቂያው ቀንና የመብት መተዊያው ፊርማ የሚገኙት በእነዚያ ውስጥ ነው።